አይጦቹ ወደ አምለሰት ዞሩ

የምትስቁ ሳቁ። ይህ ግን በእኔው ላይ የደረሰ ነው።

ጁባ፣ 2004 ዓ.ም.፣ መጋቢት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

እኔና አምለሰት «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር በአንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ነበር የምንሠራው። ጉበት በደም ውስጥ ያለውን ስብ የሚሰባብር ኢንዛይም አለው። እኛ ያንን ኢንዛይም በመድኃኒት እያገድን የአይጦችን ደም እንመረምራለን። ደሙ በማሽን ሲሽከረከር ከላይ ውሃው ይቀራል። የጤነኛዋ አይጥ ጥርት ያለ ነው። ኢንዛይሙ የታገደባት ግን... ወተት ይመስላል። እንዲህ ያለ ደም ቆሽትን ያቃጥላል፤ ሆድ ይቆርጣል፣ ይገድላልም።

ሁዳዴ ነበር። ሁለታችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም።

መጀመሪያ ያየሁት ቀላል ነገር ነው። መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች አምለሰት ስትገባ መብላት ያቆማሉ።

ከዚያ ወደ እሷ ይዞራሉ። ሁሉም።

"ፍቅረኞችሽ ናፍቀውሻል" እያልኩ አሾፍባት ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

በዚያ ቀን ወደ ቀኝ ስትሄድ ወደ ቀኝ ዞሩ። ወደ ግራ ስትሄድ... ወደ ግራ።

በሌላው ሳጥን ያሉት ጤነኞቹ ግን ዞር ብለውም አላዩዋት።

ሆዷን ይዛለች።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት በሹክሹክታ። ለምን እንዳንሾካሾክኩ አላውቅም።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ጾሙ ነው።"

"ላብሽ እኮ..."

"ጾሙ ነው አልኩሽ! ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ።"

አመንኳት። በሁዳዴ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ማን ሐኪም ጋ ይሄዳል?

ትንሽ ቆይታ ወንበሩ ላይ ተዝለፈለፈች። የላቦራቶሪው ሾፌር መኪና እስኪያመጣ ደሟን ቀድቼ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት።

አውጥቼ ወደ ብርሃን አነሳሁት።

ወተት።

ቅቤ ከቀመሰች ወር ያለፋት ሴት!

"አምሉ... መድኃኒቱ ነክቶሻል?"

"ኧረ በእመቤቴ! ከጓንት ውጪ ነክቼው አላውቅም።"

ሐኪም ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ጾሟን ሳትፈታ ሞተች።

አስከሬኗን ወደ አገር ቤት ከሸኘን በኋላ ዕቃዋን ልሰበስብ ተመለስኩ። አይጦቹ እየበሉ ነው። ኩርሽም ኩርሽም የሚለው ድምፅ ይሰማኛል። ጋውኗን ከመስቀያው አውርጄ አቀፍኩት፣ አለቀስኩ።

ድምፁ ቆመ።

ሆዴን ቆረጠኝ።

"ጾሙ ነው" አልኩ ለራሴ።

ቀስ ብዬ ዞርኩ...

ሁሉም እኔን እያዩ ነበር።