እንብላ

ጠዋት ከማረፊያ ቤቱ ሲወጡ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ትርሲት ሌሎቹ ጫማቸውን ሲያስሩ ጠብቃ፣ ከባሏ ከጌድዮን ቦርሳ የከበደ የከበደውን፣ የጋዝ ምድጃውን ሳይቀር፣ በስውር ወደ ራሷ አዛውራለች። ጌድዮን ቦርሳውን ሲያነሳ ገባው፤ ግን በዚህ ነገር መከራከር ከተወ ቆይቷል።

ዓመቱን ሙሉ የጨጓራ ካንሰር ግላስጎው ባለው ቤታቸው ውስጥ አልጋ ላይ ጥሎት ነበር። ጉሮሮው እህል እምቢ ብሎ እሷ በሻይ ማንኪያ ሾርባ ይዛ እንደ ሕፃን ስትለማመጠው ከርማለች። ያን ጊዜ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጭ ብሎ ሲበላ ማየት። ሌላውን ሁሉ ለፈጣሪ ትታው ነበር። ሐኪሞቹ ለጊዜው ተሽሎሃል ሲሉት፣ የስኮትላንድን ደጋ በእግሬ ካላቋረጥኩ ድኛለሁ አልልም ብሎ ተነሳ። መንገዱን ያወጣችው ጓደኛቸው ናርዶስ ናት፤ ሥራዋ የጥርስ ሐኪም፣ ሱሷ ተራራ።

የዛሬው ጉዞ ሰው የማይኖርበትን ሰፊ ረግረግ የሚያቋርጥ ነው። መንገዱ ድሮ ከብት ነጂዎች ይሄዱበት የነበረ የድንጋይ ንጣፍ ሲሆን፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ውሃ ያቆረ፣ እርጥብ ሱፍና የበሰበሰ ሥር የሚሸት፣ ዛፍ የሚባል ያላየ ሜዳ ነው። ሲመሽ ለመንገደኛ ክፍት በሚተው የድንጋይ ጎጆ ሊያድሩ አስበዋል። ረፋድ ላይ ጭጋጉ ከመሬት እንደሚወጣ ላብ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ወዲያው ተራራውን፣ ከዚያ ሜዳውን፣ በመጨረሻም የገዛ ጫማቸውን ዋጠው።

ለምሳ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትርሲት በሶውን በቅቤና በበርበሬ አሽታ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን አቀረበች፣ ሦስቱም እጃቸውን ሰደዱ። ጌድዮን ሳይለመን ጎረሰ። ናርዶስ ለኛም አስቀርልን እንጂ ብላ ቀለደችበት፤ ትርሲት ግን የራሷን ጉርሻ ረስታ እሱን ታይ ነበር። ያኔ ነው ከመጡበት በኩል ጠጠር የሚረግጥ ኮቴ የሰሙት፤ የማይቸኩል፣ አንድ እግሩን በትንሹ የሚጎትት።

ጌድዮን ፊቱን ወደ ጭጋጉ አዙሮ፣ በሞላ አፉ፣ «እንብላ!» አለ።

እንብላ የአፍ ወግ ነው። መንገደኛው «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል፣ ጋባዡም ሆዱ እፎይ ይላል። ያገራችን ሰው ደግነቱ የታወቀ ቢሆንም በዚህች «ብሉ» ተማምኖ ነው አፉን የሚከፍተው። እዚህ ግን «ብሉ» የሚል አልተገኘም። ኮቴው ቆመ። ናርዶስ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጠች። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ቤት ሽታ፣ ቀዝቃዛ አመድና እርጥብ አፈር፣ በመካከላቸው አለፈና ጌድዮን አጠገብ ያለው ሣር በዝግታ ተኛ። ትርሲት ዓይኗን ወደ ሳህኑ ስትመልስ፣ ማንም ባልተቀመጠበት ወገን ያለው በሶ በጣት ተዝቆ የሳህኑ ብረት ይታያል። ጌድዮንን ጠየቀችው፤ እኔ አይደለሁም ብሎ ሳቀ።

ጉዞ ሲቀጥሉ ጌድዮን ኋላ ሆነ። ብዙም ሳይሄዱ ራበኝ አለ። ዳቦ ቆሎውን እየተራመደ ጨረሰ፣ ቋንጣውን ጨረሰ፣ አሁንም ራበኝ አለ። ጠዋት ልኩ የነበረው የቦርሳው መታጠቂያ ወገቡ ላይ ይንሸራተት ጀመር፤ የጋብቻ ቀለበቱ ከጣቱ ወልቆ ድንጋይ ላይ ሲያቃጭል ሁሉም ሰሙት። ትርሲት አንስታ ኪሷ ከተተችው።

ናርዶስ ጠጋ ብላ፣ «ከኋላ የሚሄደው ሰው አንድ አይደለም» አለቻት።

ትርሲትም ሰምታዋለች። የጌድዮን እርምጃ ሲቆም ያኛው በትንሹ ዘግይቶ ይቆማል። መመለስ እንዳይሉ ግማሹን አልፈውታል፣ ስልካቸውም ከረግረጉ ጫፍ ጀምሮ ደንቁሯል። እሷ ኋላ ልትሆን ፈልጋ ጌድዮን ጋ ስትደርስ ፊቱን አየችው፤ ጉንጩ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ እንደነበረው ጎድጉዷል።

«ትርስዬ፣ ኋላዬ አትሁኚ» አላት። «ቦታው ተይዟል።»

ትርሲት የቀረውን ስንቋን ሁሉ ከቦርሳዋ አውጥታ ከመንገዱ ውጭ ወረወረችው። «ብላ፣ ጠግበህ ሂድልን!» አለች ያን የማይታየውን፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ ኋላ እያለቀሰች። እሽጎቹ ውሃው ላይ ጧ ጧ አሉ። ኮቴው ግን ወደዚያ ዞር አላለም፤ የሚበላውን አስቀድሞ መርጧል። ትርሲት ያን ጊዜ ተስፋዋ ተቆረጠ።

መሸትሸት ሲል ጎጆው አጠገብ ካለው ጅረት ደረሱ። ሁለቱ ሴቶች ተሻግረው ሲጠብቁ ከኋላቸው አንድ ከባድ ነገር ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ ከዚያ ምንም የለም። ትርሲት ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ባሏን ጠራችው። ቆይቶ «መጣሁ» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ኮቴም ተከተለው። አንድ ብቻ ነው፣ ጽኑ ነው። ጌድዮን ቦርሳውን እንደ ላባ ባንድ ትከሻው አንጠልጥሎ፣ ፊቱ ቀልቶ ከጭጋጉ ወጣ። አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና እመቤቴን አመሰገነች። ቀዝቅዟል፤ ውሃ የገባ ሰው መቼም ይቀዘቅዛል።

ጎጆው ውስጥ ናርዶስ እሳት አነደደች፣ ከቦርሳዋም ፓስታ አውጥታ ቀቀለች። ጌድዮን አንገቱን ደፍቶ በላ። ሳህኑን ገፋ አደረገ፣ ትርሲት ጨመረችለት፤ እንደገና ገፋ፣ እንደገና ጨመረች። እንደዚያ ሲበላ ከሠርጋቸው ወዲህ አላየችውም። ጉንጩ በእሳቱ ብርሃን ወዝ አወጣ፣ እሷም በደስታ እንባዋ ወረደ።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ።

«ትርስዬ» አለ ከውጭ፣ በሽታው በጠናበት ሰሞን ታውቀው የነበረው ያ የደከመ የጌድዮን ድምፅ። «ክፈቺልኝ፣ በርዶኛል።»

ናርዶስ በሩን፣ ከዚያ ትርሲትን አየች። ምግቡ ላይ ያቀረቀረው ቀና አላለም፤ ማኘኩን ብቻ ቀጠለ። ትርሲት እንባዋን ጠርጋ ተነሳች፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው፣ ተመልሳም ሳህኑን ሞላችለት።