የማሾዋ ቆዳ

መርማሪዋ ሬሳ አትፈራም፤ ሽታ ግን አትችልም። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «አፍንጮ» የሚሏት ለዚህ ነው። ሌላው በዓይኑ ፈልጎ የሚያጣውን እሷ በአፍንጫዋ ታገኘዋለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሲያቅለሸልሻት ይውላል። እንዲህ ያለ ሆድ ይዞ እንዲህ ያለ ሥራ! ፈርዶባት እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

የዚያን ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የፋኖስ ጠጋኙን ወርክሾፕ በር ስትገፋ አራት ሽታ ባንዴ ተቀበላት፦ ኮምጣጤ፣ ዝገት፣ የከረመ ቤንዚንና ትውከት። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ገባች። ሽማግሌው ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ትውከቱ አገጫቸው ላይ ደርቆ ዝንብ ወሮታል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት የቤንዚን ማሾ፣ በፓምፕ ነፋስ የምትሞላ ፋኖስ፣ ተወልውላ ቆማለች።

ማሾዋ ከወር በፊት ከዕቃ ክፍል ስትወጣ ለማየት የምታስጠላ ዝገት ነበረች። የሽማግሌው ልጅ መንገድ ቀያሽ ነበር፤ በየሄደበት ድንኳኑ ውስጥ የሚያበራት እሷን ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የነካት የለም፤ የነዳጅ መያዣዋ ውስጥ የቀረው ቤንዚንም ዝልግልግ ቡናማ ንፍጥ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ጠጠርና ኮምጣጤ ጨምረው ሦስት ቀን ናጧት። የተደፈነውን ቀጭን ቱቦ በሽቦ ጠረጉ፤ ነዳጁን የሚገፋውን ፓምፕ ፈትተው የደረቀውን ቆዳ አወጡ። ይህን ሁሉ የለፉት ለምራታቸው፣ ለሟች ልጃቸው ሚስት ሊሰጧት ነው።

«ጉዳዩ ያለቀለት ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሬሳውን ሲጠብቅ የቆየው ኮንስታብል። «ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል። ምሳቸውን ሾርባ የሠራችላቸው ምራታቸው ናት። የአይጥ መርዙ ቆርቆሮ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ተገኝቷል። ድስቱንም ጠርጋ መረጃ አጥፍታለች። ጣቢያ አስገብቻታለሁ፤ ነገ አራት ሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«እሷ ናት ያለህ ማነው?»

«የሟቹ ታናሽ ወንድም። ሬሳውንም ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ስምንት ሰዓት ላይ።»

አፍንጮ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። የማሾዋን ፓምፕ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ምንም የሚገፋ ነገር የሌለው ይመስል ሸርተት ብሎ ገባ፤ ስትስበው ሸርተት ብሎ ወጣ። ደጋግማ ሞከረችው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን አነሣች።

ድስቱ ውሃ አልነካውም። ጎኑ ላይ ጣት የሄደበት መስመር ይታያል፤ ከታች እርጥብ የዳቦ ፍርፋሪ ተጣብቋል። ከውሻ የቀረ ይመስላል። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

«ኮንስታብል፣ አንተ መረጃ ብታጠፋ ድስቱን በምን ታጥባለህ?»

«በሳሙናና በውሃ ነዋ።»

«በዳቦ አትጠርገውም?»

«ኧረ ኢንስፔክተር! መርዝ ያለበትን?»

«ይህችን ቃልህን ያዝልኝ» አለችውና ወደ ጓሮ ክፍል ሄደች።

ጓሮ ክፍል የሚኖረው ታናሽ ወንድምየው ነው። ሽማግሌውን አንቱ ብያለሁ፤ ለዚህኛው ግን አንደበቴ እሺ አይለኝም። ሰፈሩ «ጎተራ» ይለዋል። አሥራ አንድ ዓመት በወንድሙ ቤት ሲበላ አንድ ቀን አንድ ብሎን አጥብቆ አያውቅም። አፍንጮ ስትገባ አልጋው ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል፤ ቅርፊቱን እግሩ ሥር ያራግፋል። ክፍሉ የላብና የእንቁላል ሽታ ታፍኖበታል።

«ሐዘን ሆዴን ይሞረሙረዋል፣ ልጄ» አላት እንቁላሉን ሳያላምጥ እየዋጠ። «ያቺ ጉድ ወንድሜን ነጠቀችኝ!»

«እርስዎ ከሾርባው አልበሉም?»

«ጠብታም አልቀመስኩ! ሆዴን አሞኝ ነበር። ደግሞም ገና ስትሠራው ሽታው አላማረኝም።»

«ወንድምዎን ሲያገኟቸው ሥራቸው የት ደርሶ ነበር?»

«ማሾዋን ገጣጥሞ ጨርሶ ነበር። ጨረሰና ወደቀ፣ ምስኪን።»

«ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ገብተዋል?»

«በዚያ በኩል አልፌያለሁ፤ የሚሸፈንበት አንሶላ ላመጣ።» ሁለተኛውን እንቁላል አነሣ። አፍንጮ አመስግናው ወጣች፤ በር ላይ ቆማ ንጹሕ አየር ሳበች።

የቀጣዩ ሱቅ ባለቤት የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ አፉ የማያርፍ ሰው። የፓምፑን ቆዳ ለሽማግሌው ያመጣላቸው እሱ ነው።

«አምስት ፍሬ የያዘ ፓኬት ሰጠኋቸው፤ ስጦታ ነው» አላት።

«ማሾዋን ሽጡልኝ ብለህ ለምነሃቸው ነበር አሉ።»

«ለመንኩ፣ እምቢ አሉኝ፤ እኔም ተውኩት። እንዴ! ለማሾ ሰው ይገደላል?»

«ዛሬ ያየኸውን ንገረኝ።»

«ጎተራ ሲጮህ ሰምቼ ሮጬ ገባሁ። ጋሼ መሬት ላይ ናቸው። ውሃ ላመጣላቸው ወጥ ቤት ስደርስ በድንጋጤ የድስቱን ክዳን ጣልኩት። ግማሽ ድረስ ሾርባ ነበረበት። ውሃውን ይዤ ስመለስ ትንፋሽ የላቸውም። ወዲያው ምራታቸው ከገበያ ደረሰች፤ የማሾዋን መረብ ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ ያቺን እሳት ሲነካት ነጭ ብርሃን የምትሰጠውን። እላያቸው ላይ ተደፋች። ፖሊስ እስኪመጣ ካጠገቧ አልተነሣሁም፤ ራሷን ትጎዳለች ብዬ ፈርቼ።»

«አንድ ጊዜም አልተነሣችም?»

«ከየት መጥቶ! እጃቸውን እንደያዘች ነው የወሰዷት።»

ምራትየዋን አፍንጮ ያገኘቻት ጣቢያ ነው፤ የሽንት ባልዲ ጥግ በተቀመጠበት ክፍል። ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙም አይዘልም። ጥፍሮቿ ሥር የዝገት ዱቄት አለ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ዓመት ከአማቷ ሥር ሆና ሙያውን ተምራለች።

«ሾርባውን አብረን በላን፣ ከአንድ ድስት» አለች። «የቀረውን ለማታ ከደንኩት። አባባ ወደ ሥራቸው ገቡ፤ እኔም መረቡን ልገዛ ወጣሁ። ተጣልተን ነው የወጣሁት።»

«በምን?»

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። «በቆዳው። አዲስ የፓምፕ ቆዳ ደረቅ ስለሆነ መለስለስ አለበት። ሰው በዘይት ያርሰዋል። እሳቸው አፋቸው ውስጥ ከተው እንደ ከረሜላ ይመጥጡታል። ግማሽ ሰዓት! ከዚያ ምራቁ እየተዝለገለገ ያወጡታል። ስንቴ ለመንኳቸው። ዘይት ገዛሁላቸው፤ ‹ዘይት ምራቅን አያህልም› ይላሉ። ዛሬም ሲከቱት አየሁና ‹አባባ፣ ይቀፈኛል!› ብዬ ጮህኩባቸው። የመጨረሻ ቃሌ ይሄው ሆነ።»

«ቆዳው መረረኝ አላሉም?»

«አርባ ዓመት ቤንዚንና ዝገት የቀመሰ ምላስ ምን ይለያል? ቆዳውን ትናንት ማታ ነው ጠረጴዛው ላይ አውጥተው ያስቀመጡት።»

«ይህን ልማዳቸውን ማን ያውቃል?»

«ቤቱም፣ ሰፈሩም።»

«ወርክሾፑንስ ለማን ሊሰጡ አስበው ነበር?»

«ቅዳሜ ቁልፉን ሊያስረክቡኝ ነበር። አጎትየው ያንን ከሰሙ ወዲህ አያናግሩኝም። እሳቸው ቤቱን አከራይተው መቀመጥ ነው የሚፈልጉት።»

አፍንጮ ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ተመለሰች። ፓምፑን በጓንት ፈትታ ያወጣችውን በፖስታ አሽጋ ለሐኪሙ ላከችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አራቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ጎተራን፣ ነጋዴውን፣ ኮንስታብሉን፣ እጇ በካቴና የታሰረችውን ምራት። ካቴናውን አስፈታች። ከኪሷ ክብ ቆዳ አወጣች፤ ዳርዳሩ እንደ ትንሽ ኩባያ የታጠፈ።

«ከማሾዋ ፓምፕ የወጣው ቆዳ ነው» አለች። «እየተቀባበላችሁ እዩልኝ። ሲገባ አፉ ወዴት ነው የሚዞረው?»

«ወደ ታች፣ ወደ ነዳጁ መያዣ!» አለ ነጋዴው በእጁ እያገላበጠ። «አለዚያ ነፋስ አይይዝም።»

«ወደ ታች» አለች ምራትየዋም ተቀብላ።

ጎተራ ቆዳውን በሁለት ጥፍሩ ጫፍ ያዘና ቶሎ ለኮንስታብሉ አቀበለ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔ ምን አውቅልሻለሁ? እንደ ሰሃን አፉ ወደ ላይ ነዋ።»

«ጥሩ። ቁርስ ሳትበሉ ነው ያስመጣኋችሁ» አለችና ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ መሃል አስቀመጠች። ነጋዴው በዚያው እጁ ቆረሰ። ኮንስታብሉም ቆረሰ። ምራትየዋ ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል ስላልቀመሰች ሁለት ጊዜ ጎረሰች። አፍንጮ ራሷም ቆርሳ ጎረሰች። ጎተራ ዳቦውን እያየ ምራቁን ዋጠ፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

«አይበሉም?»

«እ... ሐዘን ላይ ነኝ። አይወርድልኝም።»

«ትናንት እንቁላሉ ሲወርድ አይቻለሁ።»

«እንግዲያው እጄን ልታጠብና...»

«ይህ ሁሉ ሰው ሳይታጠብ በላ። እጅ መታጠብ ያሰቡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለምን?» ጎተራ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «ልንገራችሁ» አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ። «ስምንት ሰዓት ላይ ድስቱ ግማሽ ድረስ ሾርባ ነበረው። ፖሊስ ሲደርስ ባዶ ነው፤ በዳቦ ተጠርጓል። በመሃሉ እነዚህ ሁለቱ ከሬሳው አጠገብ አልተነሡም። ወጥ ቤት ያለፈው ሰው አንድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ‹ሾርባዋ ገደለው!› ብሎ የሚጮህ ሰው ያንኑ ሾርባ ጣቱን እየላሰ ጨረሰው። ሾርባው ንጹሕ መሆኑን እርግጠኛ የነበረው ማነው? መርዙ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ብቻ።»

ነጋዴው «ወይ ጉድ!» ብሎ ከጎተራ ራቅ አለ።

«መርዙ ቆዳው ላይ ነበር፤ ሐኪሙ አረጋግጦልኛል። ሽማግሌው አፋቸው ውስጥ እንደሚከቱት ሁሉም ያውቃል። ሲወድቁ ግን የተመጠጠ ቆዳ ከአፋቸው ወጥቶ መሬት ላይ ቢገኝ ጠርጣሪ ያነሣዋል። ቢጣል ደግሞ ፓምፑ ቆዳ አልባ ሆኖ ያሳብቃል። ስለዚህ ገዳዩ ወንድሙ እግሩ ሥር እያጣጣረ ቆዳውን ፓምፑ ውስጥ ከተተና አጠበቀ። ጎረቤት የጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ‹ገጣጥሞ ጨርሶ ነበር› አለኝ። ፓምፑን ስገፋው ግን ነፋስ አይይዝም፤ ቆዳው ተገልብጦ ገብቷል። አርባ ዓመት የሠሩት ሰው አይገለብጡትም። እሷም፣ ነጋዴውም አይገለብጡትም። አፉን እንደ ሰሃን ወደ ላይ የሚያስቀምጠው ዓለምን ሁሉ እንደ ሰሃን የሚያይ ሰው ነው።»

«ውሸት ነው!» አለ ጎተራ። «ያ ቆዳ...»

«ያ ቆዳ ሐኪሙ ጋ ነው። ይኼ ከፓኬቱ ያወጣሁት አዲስ ነው፤ ምንም የለበትም። ዳቦውን ብትበላ ምንም አትሆንም ነበር። ሆድና ግንባር አይሸሸግም፤ አንተን ያጋለጠህ ሆድህ ነው፤ ትናንት በመብላቱ፣ ዛሬ ባለመብላቱ።» አንቱታዋ እዚያ ላይ አበቃ።

ጎተራ ዳቦውን አየ፤ ከዚያ ወለሉን አየ። እንባ የለ፣ ጸጸት የለ። «ሾርባው ያድርና ይበላሻል ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ምግብ ሲጣል አልወድም።»

ኮንስታብሉ ቱ ብሎ ካቴናውን አጠለቀለት። አፍንጮ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግቢው ሮጠች። ስንት የበሰበሰ ሬሳ ያየች ሴት በሕያው ሰው ምክንያት ስታስመልስ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ስትመለስ ሰዎቹ ሄደዋል። ምራትየዋ ጠረጴዛው ጋ ቆማ የፓምፑን ቱቦ በሳሙና ደጋግማ ታጥባለች። ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰ የዘይት ጠርሙስ አወረደች። ክዳኑ ላይ ያለው ማሸጊያ አልተቀደደም።

«ከገዛሁላቸው ሁለት ዓመት ሆነው» አለች። «ከፍተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበሩ።»

ማሸጊያውን ቀደደች። አዲሱን ቆዳ በዘይት አራሰችው፤ እስኪለሰልስ በጣቶቿ አሸችው፤ አፉን ወደ ታች አድርጋ አስገባችው። ቤንዚን ሞላች፤ መረቡን አሥራ፣ እንዲያበራ መጀመሪያ መቃጠል ስላለበት፣ በክብሪት ነጭ አመድ አደረገችው። ፓምፑን ስትገፋው እንቢ እንቢ እያለ ገባ። ሠላሳ ጊዜ ገፋችና ቁልፉን ከፈተች። ማሾዋ አጉረመረመች፤ የቤንዚን ሽታ ተፋች፤ ከዚያ በነጭ ብርሃን ቦግ አለች።

አፍንጮ ሽታው ቢያንቃትም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ይኸው አባባ» አለች ሴትየዋ፣ ዘይት የነካ እጇን ባዶው ወንበር ላይ አሳርፋ። «በዘይትም ይሠራል።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።