ሰማያዊ ቀለም የተቀባችው አሳማ

አሳማ አርቢው ቪንኮ ጭንቅላቱ ከድንጋዩ ገንዳ ጋር ተጋጭቶ፣ በአሳማዎቹ በረት ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ዶራ በክሮኤሺያዋ ስላቮንያ ጭቃ እየተንቦራጨቀች ስትደርስ፣ የመንደሩ ፖሊስ ሬሳውን ያገኘችውን ጎረቤቱን ያጊጻን ሊያስራት ተዘጋጅቶ ነበር።

«በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነው ያገኘሁት» አለች ባልቴቷ። «አፌን ብይዝ ኖሮ ወድቆ ሞተ ይባል ነበር። በገዛ እጄ ራሴን ጉድ አደረግሁ።»

የሟች ታናሽ ወንድም ብላዥ ወጥ ቤት ተቀምጧል። ሁለቱ ሳያገቡ አርባ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል።

«ጠዋት ወደ ወፍጮ ስሄድ ደህና ነበር» አለ። «ሌሎቹ ሲሸጡ ለእርባታ የምትቀረውን አሳማ መርጦ ጀርባዋን ሰማያዊ ሲቀባ አይቼው ነው የወጣሁት።»

«እርስዎም አብረው ያረባሉ?»

«እኔ አብሳይ ነኝ። ‹አንተ የምታውቀው ቋሊማውን ነው› እያለ በረት አያስገባኝም።» ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም።

ዶራ በረት ገባች። ገና ያልወለዱ ስድስት እህትማማች አሳማዎች ነበሩ፤ ቀለም ያለባት ከሁሉም ወፍራሟ ናት። ዶራ የአሳማ አርቢ ልጅ ናትና ሆዷን አከከችላት። አሳማዋ ደስ ብሏት በጎኗ ስትተኛ፣ ጡቶቿን አንድ በአንድ ቆጠረች።

ከዚያ ሁሉንም ወጥ ቤት ሰበሰበች። አሳማዎቹን ሊጭን የመጣው ነጋዴ ዝቮንኮም አልቀረም።

«እትዬ ያጊጻ፣ ቪንኮ አስራ አራት ደህና ጡት የሌላትን ያስቀር ነበር?»

«እሱ? እናታቸውን ከእኔ ሲገዛ ሦስቴ ነው የቆጠረው። ጡት ያነሳት ግልገሎቿን በረሃብ ትፈጃለች ይላል።»

«ይቺ አስራ ሁለት ነው ያላት፤ ሁለቱ ደግሞ ወደ ውስጥ የሰረጉ ናቸው። ቀለሙን የቀባው አሳማ በውፍረት የሚመርጥ ሰው ነው። እርስዎ ቢሆኑ ጡቷን ይቆጥሩ ነበር፤ ለዝቮንኮም ሙያው ነው።»

ዝቮንኮ ኮፍያውን አወለቀ። «ምልክቷን ሳይ እኔም ግራ ገባኝ። ቪንኮ ትናንት ‹ስድስቱንም ውሰድ፣ ከእንግዲህ አላረባም› ብሎኛል።»

ያጊጻ አቀረቀረች። «ከፋሲካ በኋላ ተጋብተን እኔ ቤት ልንኖር ነበር። ለወንድሙ እስኪነግረው ድረስ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«ዛሬ ጠዋት ነገረው» አለች ዶራ። «ሲቀባ አየሁ ያሉትም እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አባባ ብላዥ። አሳማዋን የቀቡት ቪንኮ ሊቆይ ያሰበ እንዲመስል፣ ጠባችሁም እንዳይታወቅ ነው።»



«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም» አለ ብላዥ። «በሩንም የዘጋሁት አሳማዎቹ እንዳይወጡ ብዬ ነው። አንዲት ብትቀር ዓመቱን እዚሁ ይከርም ነበር። ከወደቀ በኋላ ስቀባት፣ እንጃ፣ የሚቆይ መሰለኝ። አርባ ዓመት ከሌላ ሰው ጋር በልቼ አላውቅም፤ ብቻዬን እንዴት እችለዋለሁ?»

ዶራ አዘነችለት። ከተማ ውስጥ እሷም እራቷን ብቻዋን ነው የምትበላው።

ያጊጻ ቀና ብላ አየችው።

«እኔስ?» አለችው። «እኔስ እንዴት እንድችለው ነው?»