አለቃን ማሳቅ

አባትየው ሻንጣውን ከትከሻው እንኳ ሳያወርድ ሕፃኑን ከእናቱ እጅ ነጥቆ ወደ ላይ አነሣው። «የኔ ጀግና! አባትህ መጣልህ!» አለ፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፁ። ሕፃኑ ያንን ጺማም ፊት ለአፍታ አፍጥጦ አየ። የታች ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጩኸቱን አቀለጠው።

«ኧረ እኔ ነኝ! ምን ሆንክ?» አባት ድምፁን ጨመረ። ሕፃኑም አልተሸነፈለትም፤ ይብስ ጮኸ።

ድንቢጥ ከእናቷ ኋላ ቆማ ታይ ነበር። ድንቢጥ ያላት አባቷ ነው። ስትወለድ ከመዳፌ አትበልጥም ነበር ይላል። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ ቁመቷ እናቷን ቢያልፍም ስሙ አልለቀቃትም። ሕፃኑ በእንባ በራሰ ፊቱ ዞር ዞር ብሎ ፈለጋትና ሁለት እጆቹን ወደ እሷ ዘረጋ። ተቀበለችው። አንገቷ ሥር ሽጉጥ ብሎ ዝም አለ፤ እንደ ተዘጋ ሬዲዮ።

«አየህ አይደል?» አለች እናት ነገሩን በሳቅ ልታሳልፈው። «ከእሷ ሌላ ሰው አያውቅም። የቤቱ አለቃ እሱ ነው፣ ጸሐፊው ደግሞ እሷ።»

እውነትም በቤቱ ውስጥ «አለቃ» ነበር የሚባለው። ሲተኛ ሁሉም በጣቱ ይራመዳል፣ ሲነቃ ሁሉም ይነሣል።

አባትም ሳቀ። እጆቹ ግን ባዶአቸውን አየር ላይ ትንሽ ቆዩ። ድንቢጥ እነዚያን እጆች አይታቸዋለች። አንጀቷን በልተዋታል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ከማዘኗ በፊት የተሰማት ሌላ ነገር ነበር። ደስ ብሏት ነበር።

አባቷ የግሬደር ኦፕሬተር ነው። ሩቅ ቦታ መንገድ ሲሠራ ወራት ይቆያል። በመጨረሻ የሄደው አለቃ ገና አራስ ሳለ ነበር። እናት ወደ ልብስ ስፌት ሱቋ ስትመለስ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሕፃኑን መያዝ የድንቢጥ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ቅጣት መስሎ ነበር የታያት። ጓደኞቿ መረብ ኳስ ሊጫወቱ ሲሄዱ እሷ ዳይፐር ትቀይራለች። «ሞግዚቷ መጣች!» እያሉ ሙድ ይይዙባት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ የክትባት ቀን ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርሷ ለእናቷ ስትናገር ሰማች። «መጫወቻ አልገዛሁለትም ብለሽ እንዳትጨነቂ። ለዚህ ዕድሜ ከፊትሽና ከድምፅሽ የሚበልጥ መጫወቻ የለም። ሲያወራሽ መልሺለት። ነቅቶ ሳለ በሆዱ አስተኝተሽ ፊት ለፊቱ አጫውቺው፣ አንገቱና ትከሻው ይጠነክርለታል።» እናት እሺ ብላ ወጣች፤ ያላለቀ የሠርግ ልብስ ነበረባትና ወዲያው ረሳችው። ድንቢጥ አልረሳችም።

በማግሥቱ ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ አፍንጫዋን ከአፍንጫው አጠገብ አደረገች። «አጉ» አላት። «አጉ» አለችው። ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች። ጠበቀች። ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ይመስል ዓይኖቹ ተንከራተቱ፣ እግሮቹ ተወራጩ፣ መጨረሻ ላይ ከሆዱ ታግሎ «አጉኡ!» አለ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የወሬ ጓደኛ እንዳላት ገባት።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በዛ። ከእናቷ ሱቅ ቁርጥራጭ ጨርቅ አምጥታ ፊቷ ላይ ጣል ታደርግና «የታለች? የታለች?» ትላለች። ስትገልጠው በሳቅ ፍርስ ይላል። ቆይቶ ጨርቁን ራሱ መግፈፍ ጀመረ። ማንኪያ ስትሰጠው ይጥላል፣ አጎንብሶ የወደቀበትን ያያል፣ ስትመልስለት ደግሞ ይጥላል። «አንተ፣ ምርምር ላይ ነህ እንዴ?» ትለዋለች። አሁን በሆዱ ስታስተኛው በእጁና በጉልበቱ ተነሥቶ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ዳዴ ሊል አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ይህን ሁሉ ያየችው እሷ ናት። አባት አይደለም።

አባት ግን በዋዛ የሚተው ሰው አልነበረም። ከመጣ ወዲህ ያልሞከረው ነገር የለም። አንድ ቀን በባትሪ የምትሄድ የፖሊስ መኪና ገዝቶ መጣ። መሬት ላይ አስቀምጦ ሲያስነሣት ሳይረኗ ሰፈሩን አናወጠው። አለቃ በድንጋጤ ደርቆ ቀረና ከዚያ ለቅሶውን ለቀቀው። ሌላ ቀን እናት ጠዋት ሕፃኑን ጥላለት ወደ ሱቅ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ የሚጮኽ ሕፃን አቅፎ ሱቁ በር ላይ ደረሰ። እናት የደንበኛዋን ወገብ እየለካች ነበር። «በቃ፣ አልቻልኩትም!» አለ፣ ላቡ በግንባሩ ላይ።

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ድንቢጥ አለቃን በጨርቅ ስታስቀው አባቷ በሩ ላይ ቆሞ አያት። ሕፃኑ እንዳያየው ግማሽ ፊቱን ከመቃኑ ኋላ ደብቆ ነበር።

«እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ የምታስቂው?»

ድንቢጥ ታውቃለች። ድምፁ እንደሚያስደነግጠው፣ ሮጦ ሲያነሣው እንደሚፈራ፣ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ፤ ሁሉንም ታውቃለች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«እንጃ። ዝም ብሎ ይስቃል።»

አባት ራሱን ነቀነቀና ወደ ግቢ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕፃኑን ላንሣው ብሎ አልጠየቀም። ሥራ ይፈልግ ጀመር። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጠገነ፣ የሚንቋቋውን በር ዘይት ቀባ፣ የሕፃኑን ልብስ አጠበ። አለቃ ባለበት ክፍል ሲገባ ሌባ ይመስል በጥግ በጥግ ነበር የሚያልፈው።

ቅዳሜ ዕለት ድንቢጥ አለቃን ለመውሰድ ሱቅ ስትደርስ እናቷ ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ እጅጌ ትገጥማለች። አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካቻቸውና ቀና አለች።

«ከፕሮጀክቱ ደውለውለት ነበር። ሌላኛው ኦፕሬተር ታሟል፣ ፈቃድህን አቋርጠህ መምጣት ትችላለህ ወይ ብለውታል።»

«ምን አላቸው?»

«‹አስቤበት እመልሳለሁ› ነው ያላቸው። ለእኔ ግን...» እናት መቀሱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «‹እዚህ ብኖርም ባልኖርም ያው ነኝ፤ እንዲያውም ስሄድ ልጁ ያርፋል› አለኝ።»

ድንቢጥ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ቤት ስትሄድ እሱ የጆሮዋን ጫፍ ይዞ እየጎተተ ያወራላታል። ሌላ ቀን ብትሆን ትመልስለት ነበር። ዛሬ ግን ለአባቷ «እንጃ» ያለችው ነበር በጆሮዋ የሚመላለሰው።

አባቷ ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጣል። የግሬደር መሪ የለመዱት ወፋፍራም ጣቶቹ አውራ ጣት የምታህል ካልሲ በመቆንጠጫ ለመያዝ ይታገላሉ። ካልሲዋ ወደቀች። አንሥቶ አራገፋት።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ዋሽቼህ ነበር።»

«ምኑን?»

«እንዴት እንደሚስቅ አውቃለሁ። ያኔ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር።»

አባት ካልሲዋን እንደያዘ ዞረ። «ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

ድንቢጥ መሬት መሬት አየች። «የኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ መሰለኝ።»

አባት አለቃን አየው፣ እሷን አያት፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ፈገግታ ብልጭ አለ። «አልፈርድብሽም። እኔም አንቺን ብሆን ለማንም አልሰጥም ነበር።»

ቢቆጣት ይቀላት ነበር። እንባዋ መጣ። ዋጠችውና «ና» አለችው፣ «ላሳይህ።»

ምንጣፉን ዘረጋች፣ አለቃን በሆዱ አስተኛችው። አባት አጠገባቸው ተገትሮ ቀረ።

«ተኛ።»

«የት?»

«እዚህ፣ ፊት ለፊቱ። ግን ራቅ በል። በሆድህ።»

ያ ግዙፍ ሰውዬ ጉልበቱ እየተንቋቋ ወረደ። አለቃ አየው፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድንቢጥ ከሕፃኑ ጎን ተቀምጣ እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

«አትንካው። ዝም በልና ይይህ። ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርግ።»

«ዝቅ አድርጌያለሁ እኮ!»

«አባዬ፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማህ።»

አባት አፉን ያዘ። ሞተር ሥር ዓመታት የኖረ ድምፅ ነው፤ መጮኹን ራሱም አያውቀውም ነበር። አለቃ ፊቱን አዞረ። መልሶ አየው። ደግሞ አዞረ። ሰውዬው አለመንቀሳቀሱን ሲያረጋግጥ አንገቱን ቀና አደረገና «ብ» አለ።

«ብ! አዎ! ጎበዝ! ምን አልክ የኔ ልጅ፣ ብ ነው ያልከው?»

«ቀስ! ያለውን ብቻ በል። ከዚያ ጠብቅ። ተራው የእሱ ነው።»

«እስከ መቼ ልጠብቅ?»

«እስኪመልስ ነዋ።»

አባት አንሾካሾከ። «መንገድ ሥራው ላይ ባንዲራ ይዞ ቁም፣ እለፍ የሚል ልጅ አለን። እሱ ሳያሳየኝ ንቅንቅ አልልም።»

«በቃ፣ እንደዚያ።»

ጠበቀ። በሕይወቷ አባቷ እንዲህ ዝም ብሎ አይታው አታውቅም። «ብ» አለ አለቃ። «ብ» አለ አባት፣ ቀስ ብሎ። ዝምታ። «ብብ።» «ብብ።» ከዚያ አባት ድንቢጥ ያላስተማረችውን ነገር አደረገ። ከንፈሩን አላልቶ፣ ቆሞ እንደሚሠራ ሞተር በለሆሳስ «ብርርርር» አለ። ጺሙ ተርገፈገፈ።

አለቃ ፈዞ ቀረ። ያንን የሚርገፈገፍ ጺም አየ። ከዚያ ሳቀ። ከሆዱ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ። ድንቢጥ ይህን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። የእሷ አይደለም፤ አዲስ ነው። አንድ ነገር ልቧን ውግት አደረጋት። ሳታስበው ግን እሷም እየሳቀች ነበር።

ሕፃኑ ጺሙን ሊይዝ እጁን ሰደደ። አልደረሰበትም። በጉልበቱ ተነሣ፣ ተወዛወዘ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ገፋና... ወደ ኋላ ሄደ።

«ሪቨርስ ገባ!» አባት ሳቁን ለማፈን መሐረቡን ነከሰ። አለቃ ግን ተናዷል፤ በገፋ ቁጥር ከፈለገው ይርቃል። አባት ሊያነሣው እጁን ሲዘረጋ ድንቢጥ ያዘችው።

«ተወው። ራሱ ይድረስ።»

ወደ አለቃ እግር ዞራ ተንበረከከችና መዳፏን ከውስጥ እግሩ ኋላ እንደ ግድግዳ አቆመችው። ሁለቱ ትናንሽ ተረከዞች መዳፏን አገኙ። ረገጧት። ገፏት። አንድ እጅ ወደ ፊት ሄደ፣ ጉልበት ተከተለ፣ ደረቱ ምንጣፉን ጠረገ። መዳፏን አስጠግታ እንደገና አቆመችለት። እንደገና ረግጧት ገፋ። ከእሷ እየራቀ ወደ አባቷ ሄደ፤ ደርሶም ጺሙን በሁለት እጁ ጨመደደ።

«ኦ...!» አለ አባት በሹክሹክታ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። ከሕመሙ ይሁን ከሌላው አልለየም። ሕፃኑ አላለቀሰም። ሞተሩ እንዲነሣ እየጠበቀ ነበር።

ድንቢጥ ቀስ ብላ ብድግ አለች። «የቀረውን ልብስ እኔ ላሰጣ» ብላ ወጣች።

ከባልዲው አንዲት ሸሚዝ አንሥታ ስታራግፍ የአባቷ ስልክ ሲጠራ ሰማች። ቆይቶ ድምፁ መጣ፤ እሷ እንኳ ጆሮዋን ማቅናት እስኪያስፈልጋት ዝቅ ብሎ። «እንደምን ዋላችሁ... አይ፣ ፈቃዴን ልጨርስ ነው። ሌላ ሰው ፈልጉ... አሁን ማውራት አልችልም፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ከዚያ ውስጥ ጸጥ አለ። ከጸጥታው መሃል አንድ ቀጭን ለቅሶ ብቅ አለ፤ «እኽኽ»። ድንቢጥ ይቺን ድምፅ ከመቶ ሕፃን መሃል ትለያታለች። «የታለች?» ማለት ነው። እየፈለጋት ነው።

እግሯ ተነሣ። ወደ በሩ አንድ ሁለት እርምጃ ሄደች። ሸሚዟ ከእጇ ላይ ውሃ እያንጠባጠበች ቆመች። ከውስጥ ማንም አልተጣደፈም፣ ማንም አልጮኸም። የሆነ ሰው እየጠበቀ ነበር።

እሷም ጠበቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ገመዱ መልሳ ሸሚዟን ጨመቀች፣ እጅጌዋን አቃናችና ሰቀለቻት። ጎንበስ ብላም ቀጣዩን ልብስ ከባልዲው አወጣች።