ከጆሮ ሥር ያለችው ቦታ

ወጌሻ ምትኬ የመንደሩን ወለምታና ስብራት ሲያሽ ውሎ፣ የመጨረሻው ታካሚ «እጅህ ይባረክ» ብሎት ሲወጣ ወደ ጓዳ ይገባል። እዚያ ታናሽ ወንድሙ ገላነው እግሩም እጁም ምላሱም አልታዘዝ ብሎት፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ በጀርባው ተንጋሏል። መስኮቱ ስለማይከፈት ጓዳው የሞቀ ቅቤና የታመቀ ትንፋሽ ይሸታል።

እናታቸው እትዬ ዘውድነሽ «ልክፍት ነው» ይላሉ። ምትኬም «ይሆናል እማዬ፤ እኔ ጓሮ ወድቆ ነው ያገኘሁት» ይላቸዋል። ውሸቱን ነው። ጓሮ ለቀልድ ትግል ገጥመው ታናሹ ጣለውና ሳቀበት። ምትኬ ተናደደ። አባታቸው ሙያውን ሲያወርሰው፣ ከጆሮ ሥር ያለችው ቦታ በስሱ ሲነኳት የጥርስ ሕመም እንደምታስታግስ፣ ሌባ ሲያንቅህ ደግሞ የሌባውን አጥብቀህ ብትጫናት እንደምትገላግልህ ነግሮት ነበር። ምትኬ የወንድሙን አንገት ይዞ አጥብቆ ተጫናት፤ ገላነው ወደቀ፣ አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ሥራውን ሲጨርስ ወንድሙን ያሸዋል፤ ጥፋቱን በቅቤ የሚያጥብ ይመስለዋል።

አንድ ከሰዓት የገላነው የእግር አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። እትዬ ዘውድነሽ እልል አሉ። ምትኬ ሊነሳ ሲል የራሱ አውራ ጣት ጫማው ውስጥ የሌላ ሰው ጣት ሆነበት። ቆይቶ የገላነው ጉልበት ታጠፈ፤ የምትኬ ጉልበት ደረቀ። የገላነው ግራ እጅ ሲሞቅ የምትኬ ግራ እጅ ደነዘዘ፣ ቀዘቀዘ፣ ከትከሻው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። «የሥራዬ ዋጋ ነው» አለ ለራሱ፤ በምርኩዝ እያነከሰም ቢሆን ልቡ ቀለል አለው።

ከቀኝ እጁ ሌላ የቀረው አንደበቱ ብቻ ነበር።

«አንደበቱን መልስልኝ ልጄ» አሉት እናቱ። «ማን እንደጎዳው ከራሱ አፍ ልስማና የእጁን ይስጠው ብዬ ልርገመው።»

ምትኬ ድምፁን ማጣት አላስፈራውም፤ ያስፈራው የወንድሙ መናገርና የእናቱ እርግማን ነው። ስለዚህ አውራ ጣቱን ከቦታዋ ፈንጠር አድርጎ ያሽ ጀመር። «ጅማቱ ገና አልተፍታታም እማዬ» እያለ ያታልላቸዋል። የገላነው ዓይን ጣሪያውን ትቶ እሱን መመልከት ጀመረ፤ ምትኬ ሲገባም ሲወጣም ይከተለዋል።

አንድ እሑድ እናታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ የገላነው እጅ ቀስ ብሎ ተነሳና የምትኬን አውራ ጣት ጨበጠ። አጨባበጡ የበሽተኛ አልነበረም። ጣቱን እየጎተተ ከጆሮው ሥር፣ ልክ ቦታዋ ላይ አሳረፈውና ተጫነው። ከቆዳው በታች አንድ ነገር ተፈታ፤ ሞቅ ያለ ነገርም ከምትኬ ጉሮሮ ወጥቶ በክንዱ በኩል ወደ ገላነው ፈሰሰ።

ያን ጊዜ ፀፀቱ ከፍርሃቱ በለጠ። «እኔ ነኝ እማዬ» ሊል አፉን ከፈተ። ትንፋሽ ብቻ ወጣው።

ገላነው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተናገር ልጄ» አሉ እትዬ ዘውድነሽ ወደ ገላነው ጎንበስ ብለው፤ «ማን ነው የጎዳህ?»

ገላነው ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ጣቱን ቀስሮ ወደ ታላቅ ወንድሙ አመለከተ፤ ከአፉ ግን የምትኬ ድምፅ፣ ያው እናታቸውን ማታለል የለመደው የተረጋጋ ድምፅ፣ «ማንም አልነካኝም እማዬ» ሲል ወጣ።