አሥረኛው ጄሶ

ዲቦራ መጀመሪያ ያየችው ጫማቸውን ነው። የአያቷ የጋሽ ብርሃነመስቀል ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ጓሮ ከመሠረቱ ሥር ከተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሶሉን ወደ ሰማይ አዙሮ ብቅ ብሏል። ከትምህርት ቤት መመለሷ ነበር፤ ዝናቡም ያባራው ገና አሁን ነው። «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ድብብቆሽ?» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ደረታቸው ላይ የተከመረውን ቀይ አፈርና ራሳቸው አጠገብ ያለውን ድንጋይ አየች። እየጮኸች ወደ ጎረቤት ሮጠች።

የአማን ከተማ ሰው ግቢውን ሲሞላ ፍርዱ አልዘገየም፤ ሽማግሌው መሠረታቸውን ሊያዩ ሲቆፍሩ ተናደባቸው። ጉድጓዱ አፍ ላይ የተገኘው ዶማ የተከራያቸው የአለሙ ነውና አንዳንዱ አለሙን በጎን ያየዋል። ሌላው አምና መሠረቱን የጠገነውን ናስረዲንን ይረግማል። ዲቦራ ግን አላመነችም። አባባ አይቆፍሩም። ሌላ ሰው ከቆፈረ ደግሞ ያ ሰው አሁን እዚህ ግቢ ከቆሙት አንዱ ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ፣ አርብ ጠዋት፣ ኢንስፔክተር ከድጁ ከሚዛን ከተማ በባጃጅ መጡ። አጭርና ድንቡሽ ያሉ ሴት ናቸው። ማንንም ሳያናግሩ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ ሲወጡ ዲቦራን አስጠሩ።

«ያገኘሻቸው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ፈርተሻል እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ጥርሴ ብቻውን እየጨፈረ ነው እንጂ።»

ከድጁ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። «ጥሩ፤ ምላስሽ አልደረቀም። አያትሽ መቆፈር ይወዱ ነበር?»

«ዶሮ እንኳ ግድግዳው ሥር ስትጭር ካዩ በድንጋይ ነው የሚያባርሯት! ወረቀቱ ይከለክላላ።»

«የምን ወረቀት?»

ዲቦራ ወደ ሳሎን አስገባቻቸው። ሰው የምረቃ ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ፣ አያቷ በላስቲክ የተለበጠ የዋስትና ወረቀት ሰቅለዋል። ቤቱ ቁልቁለት ላይ ነው። አምና በጓሮ በኩል መሠረቱ ሰምጦ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ናስረዲን ከሥር ቆፍሮ በድንጋይና በኮንክሪት ሞላው፤ የአሥር ዓመት ዋስትናም ፈረመ። «ቤቱ እንደገና ከሰመጠ ያለ ክፍያ ከፍቼ እጠግናለሁ። ነገር ግን ከመሠረቱ በሁለት ሜትር ክልል ውስጥ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ከቆፈረ፣ ወይም የጣሪያ ውሃ መሠረቱ ላይ እንዲፈስ ከተተወ፣ ዋስትናው ይቀራል» ይላል። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ይህን ለልጅ ልጃቸው እንደ ሀገራት ዋና ከተማ ስም በቃል አስጠንተዋታል።

«ይሄ ነጭ በነጭ የተለጠፈውስ?» አሉ ከድጁ፣ በጓሮ በኩል ያለውን የሳሎኑን ግድግዳ እያዩ።

«ጄሶ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ እንደገና ይሰነጠቅ ጀመራ። አባባ ስንጥቁ ላይ ጄሶ አሻግረው ይለጥፉና ሳይደርቅ በሚስማር ቀኑን ይጭሩበታል። ጄሶው ከተሰበረ ቤቱ እየሄደ ነው ማለት ነው። ዘጠኝ ለጠፉ፣ ስድስቱ ተሰበሩ።»

«የመጨረሻው መቼ ተለጠፈ?»

«የዛሬ ሳምንት።»

ከድጁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሆስፒታል አስከሬኑን አይቼ ነው የመጣሁት። ጥፍራቸው ሥር ያገኘሁት ቀይ አፈር አይደለም። ነጭ ነው፣ ትኩስ ጄሶ። ስለዚህ አሥረኛ አለ።»

ዲቦራ ዞራ ግድግዳው ላይ ያሉትን ዘጠኙን ጄሶዎች አየች። ጄሶ የሚለጠፈው ቤት ውስጥ ነው። አባባ ቤት ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ግድግዳው እንደሰማት ሁሉ «ጠቅ» አለ።

መጀመሪያ የተጠየቀው አለሙ ነው። «ዶማዬ በረንዳ ላይ ነው የሚውለው፣ ማንም ያነሳዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ቡና ማሳ ውስጥ አረም ላይ ነበርኩ። አብረውኝ የዋሉትን ይጠይቁ።»

ናስረዲን ቀጠለ፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «ወላሂ፣ ቅዳሜ መሠረቱን ልከፍት ቀጠሮ የያዝኩት እኔው ራሴ ነኝ! ባለፈው ሳምንት ጠርተውኝ መጣሁ፣ ስንጥቁን አየሁ። የተገነጠለውን የጣሪያ አሸንዳም በሽቦ አስሬ ሄድኩ።»

«ኮንክሪቱ ሲሞላ በዓይንህ አይተሃል?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «የመጨረሻውን ማዕዘን አላየሁም። ወባ ጥሎኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። ልጃቸው ባስልኤል ከሠራተኞቹ ጋር አስጨረሰው። ስመለስ አፈር ለብሷል። ፈረምኩ።»

«ያላየኸውን?»

«ያላየሁትን።»

«ትናንትስ ማን ደወለልህ?»

«እሱው ባስልኤል። አስከሬኑ ገና ከግቢ ሳይወጣ። ‹ሌላ ሰው ቆፍሯልና ዋስትናው ቀርቷል፣ ቅዳሜ እንዳትመጣ› አለኝ።»

ባስልኤል የሟቹ ልጅ፣ እዚሁ ቤት የሚኖር የዲቦራ አጎት ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ከሞተች ወዲህ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት፣ ጫማዋን ያሰረላት እሱ ነው። ለከድጁ የነገራቸው አጭር ነበር፤ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሚዛን ነበርኩ፣ ስልኬ እስከ ማታ ተዘግቶ ነበር፣ አባቴን አጣሁ።

ሰው ሁሉ ወደ ቀብር ሲሄድ ዲቦራ ራሷን ስታ ስለነበር ቤት ቀረች። ከድጁና ናስረዲንም ቀሩ። በር ሲከፈት፣ ከዚያም ከባድ ቁምሳጥን ሲጎተት ሰማች። ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ላለማወቅ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ እንደገና ወረደ። ከድጁ ከለቅሶው ድንኳን አግዳሚ ወንበር አስመጥተው ሳሎን ውስጥ፣ ከተሰነጠቀው ግድግዳ ጋር አስጠጉት።

«ተቀመጡ። ጀርባችሁን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጉ።»

ናስረዲን ሳያመነታ ተደገፈ። አለሙ አማትቦ ተቀመጠ። ከድጁ ዲቦራን ስንጥቁ ሰፍቶ ጣት ከሚያስገባበት ማዕዘን አስቀምጠው ራሳቸው አጠገቧ ተቀመጡ። ባስልኤል ግን ከበሩ አልራቀም።

«ለቅሶ የሚደርስ ይመጣል፤ ቆሜ ልቀበል።»

«ቁም» አሉ ከድጁ። ከዚያ እንደ አስተማሪ ጣታቸውን ያጥፉ ጀመር።

«ጋሽ ብርሃነመስቀል አልቆፈሩም። ዋስትናቸውን በዶሮ ጥፍር እንኳ የማያስነኩ ሰው በዶማ አይገድሉትም። በዚያ ላይ ጫማቸው የሳሎን ጫማ ነው፤ ሶሉ ላይ ጭቃ የለም። ቆፋሪው ሌላ ነው፤ ተሸክሞ ነው ጉድጓድ የከተታቸው። ጉድጓድ የመረጠውም በሁለት ምክንያት ነው። ሞቱ አደጋ እንዲመስልና ዋስትናው እንዲቀር።»

«እኔን ነው የሚሉት!» አለ ናስረዲን።

«ዝም በል፣ ላድንህ ነው። አንተ ከዋስትናው መሸሽ ብትፈልግ አሸንዳው እንደተገነጠለ ትተወው ነበር። ውሃው መሠረቱ ላይ ይወርዳል፣ ወረቀቱ ይቀራል፣ ማንም አይሞትም። አንተ ግን በገዛ ሽቦህ አሰርከው። አለሙም አብረውት ያረሙት መስክረውለታል። እንግዲህ ቀሪው፣ ቅዳሜ መሠረቱ እንዳይከፈት የሚፈልግ ሰው ነው። ለምን? ከሥሩ ያለውን ስለሚያውቅ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። ከዲቦራ ጀርባ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ተንቋቋ። ልትነሳ ስትል የከድጁ እጅ ጉልበቷን ያዘው።

«አሥረኛውን ጄሶ ዛሬ አገኘነው። ናስረዲን፣ ጄሶ በስንት ደቂቃ ይደርቃል?»

«አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።»

«ከቁምሳጥን ኋላ ነው የተለጠፈው። ቀኑ አላለቀም፤ ሐሙስ ግንቦት 14 ነበር፣ እሱ ግን ‹ግንቦት 1› ይልና ይቆማል። ቁምሳጥኑ ደግሞ ጄሶው ሳይደርቅ ተገፍቶበት ጀርባው ነጭ ሆኗል። ሚስማሩም ከሥሩ ወድቋል። ያን ቁምሳጥን ለመግፋት እኔና ናስረዲን ላብ በላብ ሆነናል፤ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ አይገፋውም። ስለዚህ ቀኑን ሲጽፉ በተቋረጡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ጉልበት ያለው ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር። ክፍሉ ደግሞ—»

«ጠቅ!» አለ ግድግዳው። የተሰበረ ጄሶ ከላይ ተፈንጥሮ ዲቦራ ጭን ላይ ወደቀ።

«ተነሺ!» ብሎ ባስልኤል ጮኸ። «ዲቢዬ፣ ከዚያ ግድግዳ ተነሺ! ሲሚንቶ የለውም! ከሥሩ አፈር ነው፣ አፈር ብቻ ነው!»

ዘልሎ ክንዷን ጎትቶ ወደ በሩ ወረወራት። ከዚያ የተናገረው ገባው።

ባስልኤል ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ናስረዲን በወባ በተኛ ጊዜ ሲሚንቶውን ሸጦ ማዕዘኑን በድንጋይና በአፈር አስሞልቶት ኖሯል። ሐሙስ አባቱ ከቁምሳጥኑ ኋላ ስንጥቁን ሰምተው አስጎተቱት፤ ጄሶውን እየለጠፉ «ቅዳሜ ሲከፈት ሁሉም ይታያል» አሉ። አትክፈቱ ብሎ ለመነ። እንቢ ሲሉት ገፋቸው፤ ራሳቸው የአልጋው ብረት ላይ አረፈ።

«መግደል አልፈለግኩም» አለ።

ዲቦራ ልትሰድበው ነበር፤ ለሰው ሁሉ ስድብ የማያጣው አፏ ለእሱ አጣ። ፖሊሶቹ ሲወስዱት የጫማው ክር ተፈትቶ ይጎተት ነበር።

በኋላ ከድጁን በረንዳ ላይ ያዘቻቸው። «ቢወድቅብኝስ ኖሮ?»

«ከውጭ በስድስት ግንድ አስደግፌዋለሁ» አሉ የተጠቀለለ ሱሪያቸውን ወደ ቁርጭምጭሚታቸው እያወረዱ። «ደግሞ አጠገብሽ አልተቀመጥኩም?»

«እርስዎማ ኢንስፔክተር፣ ትራስ ነዎት፤ ግድግዳ ቢወድቅብዎ ምን ይሆናሉ!»

ያኔ ብቻ ሳቁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በተቀጠረው ቀን፣ ናስረዲን አካፋ ይዞ መጣ። ዲቦራ አያቷ የሰቀሉትን ወረቀት አውርዳ አቅፋ ቆማለች።

«ሌላ ሰው ቆፍሯል። ዋስትናው ቀርቷል አይደል?»

«በወረቀቱ ቀርቷል።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ናስረዲን ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። «ያላየሁትን ፈርሜያለሁ» አለ። «አሁን ልየው።»

ዲቦራ ሚስማሩን ይዛ ወደ አጎቷ ክፍል ገባች። ጄሶው ድንጋይ ሆኗል፤ ቢሆንም ፋቀችው፣ ፋቀችው፣ ከ1 ቀጥሎ 4 እስኪወጣ። ከዚያ ጀርባዋን ለግድግዳው ሳትሰጥ፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ወጣች።