ያልጠገበ ከሰል

ሰፈርተኛው «ከሰሌ» ይለዋል። ሙያው የበቆሎ አገዳ በጉድጓድ አፍኖ እያከሰለ፣ በዚያ ከሰል የደከመ አፈር ማዳን ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው በአባቷ ማሳ ዳር ነበር፤ አፈር በእፍኙ ይዞ ያሸታል።

«ይጣፍጣል?» አለችው።

«ጨው አንሶታል» አላት ሳያያት። ከዚያ ቀና አለ። እንደገና ማቀርቀር አቃተው።

መሬቱ እህል መስጠት ካቆመ ሰንብቷልና አባትየው ለጡብ ሠሪው ሊሸጠው ነበር፤ ለጡብ ሠሪ የሞተ አፈርም ጭቃ ነው። ልጁ ብትለምነው አንድ ክረምት ታገሠ።

«ካፈራልህ፣ መሬቱም ያንተ፣ እሷም ያንተ» አለው ከሰሌን፣ እየሳቀ።

ከሰሉ ተዘጋጀ። ሰማዩም ጠቆረ።

«ዛሬ እንበትነው» አለችው።

«ገና ነው። ባዶ ከሰል እንደ ራበው እንግዳ ነው። ፍግ በተበጠበጠበት ውሃ ተዘፍዝፎ ካልጠገበ የቡቃያውን ምግብ ይሻማል።»

«ዝናቡ ካመለጠንስ? አባባ ሌላ ዕድል አይሰጠንም። በሞቴ!»

ዓይኗን አየ። ከዚያ የከሰሉን ጆንያ ተሸክሞ ወደ ማሳው ገባ።

የተዘራው በቆሎ ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆነ። ከሰል ያልነካው ጥግ እንኳ ይሻል ነበር። እሷ በየረድፉ እየቆመች ጸለየች። እግዚአብሔር መስማቱን አልተጠራጠረችም፤ ዝምታው ግን ከበዳት።

አባትየው አንድ ቅጠል ቀጥፎ በጣቶቹ ፈረከሰው።

«እንዲህ እንደሚሆን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

«አባባ፣ ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ!»

«አንቺማ ምን ታውቂያለሽ። ስማ ልጄ» አለ ወደ ወጣቱ ዞሮ፣ «እያወቀ እንቢ ማለት ለማይችል ሰው መሬትም ልጅም አይሰጥም።»

ቢቆጣ ይሻል ነበር።

የጡብ ሠሪው መቆፈሪያ መኪና ማሳው ገባ። ከሰሌ ዕቃውን ሸክፎ ሊሰናበታት ከቤታቸው በር ቆመ።

«ከሰሉ ቀስ እያለ መጥገቡ አይቀርም ነበር» አላት። «ለከርሞ አፈሩ ያምር ነበር።»

«ከርሞ የለንም። ይዘኸኝ ሂድ።»

ከውስጥ አባቷ ሲያስል ተሰማ። ማሳው መቆፈር ከጀመረ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ሚስቱን ከቀበረ በኋላ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ከሰሌ ሳሉ እስኪበርድ ጠበቀ።

«እንቢ» አላት።

ቃሉ ራሱን አስደነገጠው። ጆንያውን አንስቶ በዝግታ ሄደ፤ እሷ መዝጊያውን ይዛ ቀረች።

«ማነው?» አለ አባቷ ከውስጥ።

«ማንም የለም፣ አባባ።»